ኃይል ያለ ልክ፤ ስለ ሃይማኖትና ስለ ፖለቲካ ከሞተር የተወሰደ ምሳሌ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ ጌታችን መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ሕዝቡን ሲያስተምር ምሳሌውን ከሩቅ አያመጣም ነበር። ለገበሬው ስለ ዘር፣ ለዓሣ አጥማጁ ስለ መረብ፣ ለቤት እመቤቷ ስለ እርሾና ስለ ጠፋው ድሪም ይነግራቸው ነበር። ይህንንም ያደረገው ሰው በእጁ ከሚዳስሰው ነገር ተነሥቶ ዐይኑ የማያየውን እንዲያስተውል ነው። በዘመናችን ብዙዎቹ ወጣቶቻችን ከሞፈርና ከቀንበር ይልቅ ከሞተር ጋር የሚውሉ ስለ ሆነ፣ እኛም ዛሬ ምሳሌያችንን ከጋራዥ ብንወስድ የሚነቅፈን አይኖርም ብለን እናምናለን። የምንናገርበት ጉዳይ ግን ቀላል አይደለም። ሃይማኖት በመንግሥት ሥራና በፖለቲካ ዘንድ ምን ድርሻ አለው? የሚለው ጥያቄ ነው።

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። ከሰንበት ትምህርት ቤት ልጆቻችን አንዱ፣ ሙያው መካኒክነት የሆነ፣ ከቅዳሴ በኋላ ጠብቆን፦ «አባታችን፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ቤተ ክርስቲያን በፖለቲካ ትግባ ወይስ ትውጣ? ጓደኞቼ ከሁለት ተከፍለዋል። አንደኛው ወገን ዝም ያለ ካህን ከዳተኛ ነው ይላል፤ ሁለተኛው ወገን ካህን አፉን ከከፈተ አገር ይቃጠላል ይላል» አለን። እኛም ወዲያው አልመለስንለትም፤ ያልመለስንበትን ምክንያት ወደ ፊት እንናገራለን። «ልጄ፣ ጥያቄህ ቆሞ የሚመለስ አይደለምና እንነጋገርበታለን» ብለን አሰናበትነው። በሳምንቱ ወደሚሠራበት ጋራዥ ጎራ ብንል፣ በጠረጴዛው ላይ መካከሉ ተበስቶ ዙሪያው እንደ ሰም የቀለጠ ፒስተን ተቀምጦ አገኘን። «ይህ ምን ሆኖ ነው?» ብለን ጠየቅነው። እርሱም የፒስተኑን ታሪክ ሲያስረዳን፣ ሳያውቀው የራሱን ጥያቄ ይመልስ ነበር።

ነገሩ ለሁሉ ግልጽ እንዲሆን ከሞተሩ እንጀምር። የውጭውን አገር ታሪክ በአውሮፓውያን አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.)፣ የአገራችንን ግን በዓመተ ምሕረት እንጽፋለን።

ሞተር ኃይል የሚያገኘው አየርና ቤንዚን ተቀላቅለው በሲሊንደር ውስጥ ሲነዱ ነው። አንድ ኪሎ ቤንዚን በሚገባ ይነድ ዘንድ 14.7 ኪሎ ያህል አየር ያስፈልገዋል። እንግዲህ ብዙ ኃይል የሚፈልግ ሰው ብዙ ቤንዚን ቢጨምር ብቻ አይጠቅመውም፤ አየሩም አብሮ መጨመር አለበት። ተራው ሞተር አየሩን የሚያገኘው ፒስተኑ ወደ ታች ሲወርድ በሚስበው ትንፋሽ ብቻ ነው። አዲስ አበባን በመሰለ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ከተማ ደግሞ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር ሩብ ያህል የሳሳ ስለ ሆነ፣ የሞተሩም ጉልበት በዚያው ልክ ይቀንሳል።

በ1905 እ.ኤ.አ. አልፍሬድ ቡኺ የተባለ የስዊስ መሐንዲስ ለዚህ ነገር መላ አገኘ። በማርሚታ በኩል እየወጣ የሚባክነው ትኩስ ጢስ ኃይል እንዳለው ተመልክቶ፣ ያ ጢስ አንዲት ትንሽ መንኰራኵር እንዲያዞር፣ በዚያው ዘንግ በሌላው ጫፍ የተተከለችው ሁለተኛይቱ መንኰራኵር ደግሞ ንጹሑን አየር አፍና ወደ ሞተሩ እንድትገፋ የሚያደርግ አሠራር አስመዘገበ። ዛሬ ቱርቦ የምንለው ይህ ነው። በ1918 እ.ኤ.አ. ሳንፎርድ ሞስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ የአውሮፕላን ሞተር 4,300 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው በፓይክስ ፒክ ተራራ ላይ አውጥቶ በመፈተን፣ የተራራው ቀጭን አየር የነሣውን ጉልበት ቱርቦ ሊመልሰው እንደሚችል አሳየ። ዛሬ በትንንሽ መኪኖች ውስጥ ያለው የቱርቦ ዘንግ በደቂቃ ከመቶ ሺህ ዙር በላይ ይሽከረከራል።

ይሁን እንጂ ይህ ኃይል አደጋው ከራሱ ጋር ነው። አየር ሲታፈን ይሞቃል። የሞቀና የታፈነ አየር ከቤንዚን ጋር ሲገናኝ፣ ካንዴላው እሳቱን ከጫረ በኋላ ነበልባሉ በሥርዓት እየተስፋፋ እስኪያዳርሰው ድረስ መቆየት ሲገባው፣ ገና ያልነደደው ክፍል በአንድ ጊዜ በራሱ ይፈነዳል። ሞተሩም በመዶሻ እንደሚመታ ያንኳኳል። ይህ ማንኳኳት በመጀመሪያ ቀጭን ድምፅ ነው፤ ያልሠለጠነ ጆሮ አይለየውም። ቸል ሲባል ግን ፒስተኑን ይበሳዋል።

በ1962 እ.ኤ.አ. ኦልድስሞቢል ጄትፋየር የተባለችው የአሜሪካ መኪና ቱርቦ ተገጥሞላት ለገበያ ከቀረቡት የመጀመሪያዎቹ አንዷ ነበረች። ሠሪዎቿ ማንኳኳቱን ለመከልከል የተጣራ ውኃና ሜቲል አልኮል የተቀላቀለበት ማቀዝቀዣ ከቤንዚኑ ጋር ጥቂት በጥቂት እንዲረጭ አደረጉ። ብዙዎቹ ባለ መኪናዎች ግን ኃይሉን እየወደዱ ማቀዝቀዣውን መሙላት ዘነጉ። መኪናይቱም ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላት መሠራቷ ቀረ። በኋላ በ1978 እ.ኤ.አ. የስዊድኑ ሳብ ባለ ቱርቦ መኪና ሲያወጣ ዋነኛ ጥንቃቄው በማስተንፈሻው በር ላይ ነበር። ይህች በር የአየሩ ግፊት ከተወሰነለት ልክ ሲደርስ ተከፍታ፣ የጢሱን ከፊል በመንኰራኵሯ ላይ ሳያልፍ በሌላ መንገድ ታስወጣዋለች። ኃይሉ እያለ፣ ሊጨመርም እየተቻለ፣ ይበቃል የምትል በር ናት።

መካኒኩ ልጃችን እንደ ነገረን፣ የፒስተኑ ባለቤት ጥፋት በዚህች በር ላይ ነበር። መኪናው ከሌሎቹ ሁሉ እንድትቀድምለት ፈልጎ፣ በሯን የምታዝዘውን ቀጭን ቱቦ ነቅሎ ደፈናት። በሯም መከፈቷን ተወች። ሰውየው ወደ እንጦጦ አቀበት ሲወጣ መኪናዋ ለጥቂት ደቂቃ እንደ ንስር በረረችለት። እርሱም እጅግ ደስ አለው፤ የቴፑንም ድምፅ ከፍ አድርጎት ስለ ነበር ሞተሩ ሲያንኳኳ አልሰማም። ከአቀበቱ አጋማሽ ላይ ነጭ ጢስ ወጣና ሞተሩ ቆመ።

ምእመናን ሆይ፤ ከዚህ በኋላ ምሳሌውን መተርጐም ለማንም አያስቸግርም። ሞተሩ የአገር ኑሮና አስተዳደር ነው። ቱርቦው በሃይማኖት ምክንያት በሕዝብ ልብ ውስጥ የሚነሣው ቅንዓት ነው። ሰው ለደመወዙ የማያደርገውን ለእምነቱ ያደርጋል፤ ለንብረቱ የማይሞት ለማተቡ ይሞታል። እንግዲህ ከዚህ የበለጠ ግፊት በምድር ላይ የለም። ይህም ኃይል የሚነሣው ሌላው ዓለም ቆሻሻ ብሎ ከሚጥለው ነገር ነው። የድሀ እንባ፣ የእስረኛ እናት ልቅሶ፣ የተገፋ ሰው ጩኸት በገዢዎች ዘንድ በማርሚታ እንደሚወጣ ጢስ ይቈጠራል፤ በእግዚአብሔር ዘንድ ግን አይባክንም። በግብፅ የነበሩት የእስራኤል ልጆች ጩኸት ወደ ላይ ወጥቶ ሙሴን እንዳስነሣ በኦሪት ዘፀአት ተጽፎአል። ስለዚህ ሃይማኖት ከሕዝብ ኑሮ ጨርሶ ይውጣ የሚል ሰው፣ በተራራ ላይ ቱርቦውን ንቀሉልኝ እንደሚል ሹፌር ነው። የሳሳ ሕሊና ባለበት አገር ሃይማኖት የሚሰጠው ትንፋሽ እጅግ ያስፈልጋል።

ነገር ግን ይህን ኃይል ያዩ ሰዎች ሁሉ ሊያዙት ይፈልጋሉ። ገዢው ዙፋኑን ሊያጸናበት፣ ተቃዋሚው ዙፋኑን ሊገለብጥበት፣ ካህኑም፣ እውነቱን እንናገርና፣ ክብሩን ሊያበዛበት ይመኛል። ሁሉም ግፊቱን መጨመር እንጂ በሩን መጠበቅ አይወዱም። ታሪክም የሚያስተምረን ይህንኑ ነው።

ቈስጠንጢኖስ በ313 እ.ኤ.አ. ለክርስቲያኖች ነፃነት ከሰጠ በኋላ፣ ስደት የቀረላት ቤተ ክርስቲያን በቤተ መንግሥት በኩል አዲስ ፈተና መጣባት። ቅዱስ አትናቴዎስ ሐዋርያዊ በነገሥታቱ ፈቃድ አምስት ጊዜ ከመንበሩ ተሰደደ። ከነዚህም ነገሥታት አንዱ ቈስጠንስ በ356 እ.ኤ.አ. ገደማ ለአክሱም ነገሥታት ደብዳቤ ልኮ፣ አትናቴዎስ የሾመውን ፍሬምናጦስን፣ ማለት አባታችንን አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን፣ እርሱ ባስቀመጠው ጳጳስ ዘንድ እንዲመረመር ወደ እስክንድርያ እንዲመልሱት ጠይቆ ነበር። አባ ሰላማ በመንበሩ እንደ ቈየ አባቶቻችን ይነግሩናል። እንግዲህ የውጭ ንጉሥ የሃይማኖትን ጉዳይ በመንግሥት ደብዳቤ ለማዘዝ መሞከሩ ቤተ ክርስቲያናችን ገና ከሕፃንነቷ የቀመሰችው ነገር ነው።

ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ደግሞ በቍስጥንጥንያ የቤተ መንግሥቱን ቅምጥልነትና የባለጠጎችን ጭካኔ ስለ ገሠጸ በ404 እ.ኤ.አ. ተሰደደ፤ በ407 እ.ኤ.አ. በስደት መንገድ ላይ ዐረፈ። የሚላኑ ጳጳስ አምብሮስዮስ ንጉሡ ቴዎዶስዮስ በ390 እ.ኤ.አ. በተሰሎንቄ ብዙ ሺህ ሕዝብ ባስፈጀ ጊዜ፣ ንስሐ ሳይገባ ወደ ቍርባን እንዳይቀርብ ከለከለው። ንጉሡም ተጸጽቶ ንስሐውን ፈጽሞ ተመለሰ። አምብሮስዮስ ጦር አላነሣም፤ ሌላ ንጉሥም ለማንገሥ አልዶለተም። ያደረገው ነገር ቢኖር በእጁ ያለውን የቤተ መቅደስ በር መጠበቅ ብቻ ነው።

መስኮብ አገር ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ታየ። ታላቁ ጴጥሮስ በ1721 እ.ኤ.አ. የፓትርያርኩን መንበር አስቀርቶ፣ ቤተ ክርስቲያኒቱን በመንግሥት ሹም በሚጠበቅ ሲኖዶስ እንድትተዳደር አደረጋት። ሁለት መቶ ዓመት ያህል እንዲሁ ኖረች። በ1917 እ.ኤ.አ. ዙፋኑ ሲወድቅ፣ በዙፋኑ ላይ የተነሣው ቍጣ በእርስዋም ላይ ወረደ።

ወደ አገራችን ስንመለስ የሌላውን ጥፋት ብቻ ቈጥረን የራሳችንን ብንሸሽግ እውነተኞች አንሆንም። ዐፄ ሱስንዮስ በ1618 ዓ.ም. የሮሜን ሃይማኖት በዐዋጅ ተቀብለው ሕዝቡን በግድ ሊያስከትሉ በፈለጉ ጊዜ፣ አገር በደም ታጠበች። በ1624 ዓ.ም. ከብዙ እልቂት በኋላ የአባቶቻችሁ ሃይማኖት ይመለስላችሁ ብለው ዐውጀው ዙፋኑን ለልጃቸው ለዐፄ ፋሲለደስ ለቀቁ። ይህን ታሪክ በደስታ እናወሳዋለን። ይሁን እንጂ በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ የወሎ ሙስሊሞች በመንግሥት ትእዛዝ እንዲጠመቁ መገደዳቸውን፣ ብዙዎችም በዚህ ምክንያት ማመፃቸውንና መሰደዳቸውን እምብዛም አናወሳም። በሱስንዮስ ዘመን በእኛ ላይ ሲደረግ ግፍ ያልነውን፣ በሌላው ላይ ሲደረግ ወንጌል ልንለው አይገባም። በሰይፍ የሚመጣ ጥምቀት ሥጋን ያርሳል እንጂ ልብን አያጥብም።

በቅርብ ዘመንም ያየነው አለ። በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ቤተ ክርስቲያናችንን በመንግሥት የምትደገፍ የአገሪቱ ቤተ ክርስቲያን ብሎ አጸናት። ብዙዎች ይህን የማይናወጥ ዐለት አድርገው ቈጠሩት። ሃያ ዓመት ሳይሞላ፣ በ1967 ዓ.ም. ዙፋኑ ወደቀ፤ መሬቷም ተወረሰ። በ1968 ዓ.ም. ፓትርያርኩ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ ከመንበራቸው ተነሡ፤ በ1971 ዓ.ም. በእስር ቤት ሳሉ በግፍ ተገደሉ። ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? ምሳሌ ሁሉ ወሰን አለው። ቱርቦ ሞተሩ ሲጠፋ አብሮ ይቆማል፤ ቤተ ክርስቲያን ግን ትንፋሿ ከመንግሥት ሳይሆን ከመንፈስ ቅዱስ ነውና መንግሥት ሲወድቅ አትወድቅም። የምትወድቀው ትንፋሿን ከዙፋን የተዋሰች ጊዜ ብቻ ነው።

አሁን ያለው የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በ11ኛው አንቀጹ መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ መንግሥታዊ ሃይማኖት እንደማይኖር፣ መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ ሃይማኖትም በመንግሥት ጉዳይ ጣልቃ እንደማይገባ ይደነግጋል። መለያየት ሲባል መጣላት የሚመስላቸው ወገኖች አሉ። ልጃችን መካኒኩ የቱርቦውን ውስጥ ከፍቶ ሲያሳየን ይህ ጉዳይ ግልጽ ሆነልን። ሁለቱ መንኰራኵሮች የተተከሉት በአንድ ዘንግ ላይ ነው፤ አንዱ ሲዞር ሌላው ይዞራል። ቤታቸው ግን የተለያየ ነው፤ የአንዱ ጢስ ወደ ሌላው ንጹሕ አየር እንዳይገባ በመካከላቸው መዝጊያ አለ። ዘንጉ አንዱ ሕዝብ ነው። በቤተ ክርስቲያን የሚያስቀድሰውና በቀበሌ የሚሰበሰበው ያው ሰው ነው፤ ግማሽ ሰውነቱን በደጅ ጥሎ አይገባም። ሁለቱ ቤቶች ግን መቀላቀል የለባቸውም። መዝጊያው ሲበላሽ ዘይቱ ወደ አየሩ ይገባል፤ ሞተሩም ሰማያዊ ጢስ እያጨሰ ለመንገደኛው ሁሉ መተዛዘቢያ ይሆናል።

ንጉሡ ዖዝያን በመጽሐፈ ዜና መዋዕል ካልእ የተጻፈበት ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው። በጦርነት አሸናፊ፣ በእርሻ ባለጸጋ፣ በሹመቱ የተከበረ ንጉሥ ነበር። ከበረታ በኋላ ግን ልቡ ታብዮ የካህናቱን ጥና ይዞ ወደ መቅደስ ገባ፤ በግንባሩም ላይ ለምጽ ወጣበት። ዕጣኑ ክፉ ስለ ነበር አይደለም፤ እጁ የዕጣኑ እጅ ስላልነበር ነው። ንጉሥ ጥና ሲይዝ እንዲህ ከሆነ፣ ካህን በትረ መንግሥት ሲይዝ ምን ይሆን?

አሁን ለወጣቱ ወዲያው ያልመለስንበትን ምክንያት እንናገር። የሌላውን ፒስተን ስናይ የራሳችን ትዝ ስላለን ነው።

ዓመቱንና ቦታውን አንጠቅስም። አገር በወሬና በቂም በምትታመስበት ወራት በአንድ ደብር እናገለግል ነበር። በአንድ ሰንበት በዐውደ ምሕረት ቆመን፣ የዕለቱን ወንጌል ትተን፣ ከተጣሉት ሁለት ወገኖች ለአንደኛው የሚያደላ ንግግር አደረግን። ስም አልጠራንም፤ ግን ያልገባው ሰው አልነበረም። እልልታውና ጭብጨባው እስከ ቅጥሩ ውጭ ተሰማ። እኛም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለንና፣ ደስ አለን፤ ኃይል በእጃችን ያለ መሰለን። ከዚያ ሰንበት ጀምሮ በሴቶች በር በኩል፣ ከምሰሶው አጠገብ፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆመው ሲያስቀድሱ የኖሩ አንዲት እናት ቀሩ። ታመው ይሆናል ብለን በሦስተኛው ሳምንት ከቤታቸው ሄድን። አልታመሙም። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀምጠው አገኘናቸው፤ ተነሥተውም መስቀል ተሳለሙ፤ ቡናም አፈሉልን።

«እናቴ፣ ምነው ከቤተ ክርስቲያን ቀሩ?» አልናቸው። ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ከቈዩ በኋላ፦ «አባቴ፣ እርስዎ ያመሰገኑት ወገን አንደኛውን ልጄን ገድሎብኛል። ሁለተኛው ልጄ ደግሞ ከዚያው ከገደለው ወገን ጋር ነው ያለው። ለሁለቱም የማለቅስበት አንድ ቦታ ብቻ ነበረኝ፤ እርስዎም ያንን ለአንደኛው ሰጡት» አሉን።

ከዚያ በኋላ የምንናገረው አልነበረንም። ከእግራቸው ሥር ወድቀን ይቅርታ ለመንን። እርሳቸውም «ካህን አይወድቅም» ብለው አነሡን። ከብዙ ወራት በኋላ ወደ ቅዳሴ ተመለሱ፤ ነገር ግን እስኪያርፉ ድረስ ቆመው ያስቀደሱት ከምሰሶው አጠገብ ሳይሆን ከበሩ ውጭ ነበር። ያ ባዶ ቦታ ዛሬም በዐይናችን ይታየናል። የተበሳው ፒስተናችን እርሱ ነው። በዚያች ሰንበት ልናዳምጠው የሚገባን እልልታውን አልነበረም፤ የእኒያን እናት ዝምታ ነበር። የዘመኑ ሞተር ማንኳኳትን የሚሰማ ትንሽ ጆሮ በአካሉ ላይ ተተክሎለታል፤ ያ ጆሮ ቀጭኑን ድምፅ በሰማ ጊዜ ኮምፒዩተሩ የካንዴላውን እሳት ያዘገየዋል። ካህንም፣ መምህርም፣ የፖለቲካ ሰውም እንዲህ ያለ ጆሮ ያስፈልገዋል። የሚያጨበጭበው ሰው ድምፅ ሁልጊዜ ይሰማል፤ የሚጐዳው ሰው ድምፅ ግን የሚሰማው ለሚያደምጥ ብቻ ነው።

እንግዲህ ቤተ ክርስቲያን ዝም ትበል ማለታችን ነውን? አይደለም። ነቢዩ ናታን በዳዊት ፊት ዝም አላለም፤ መጥምቁ ዮሐንስ በሄሮድስ ፊት ዝም አላለም። ብፁዕ አቡነ ጴጥሮስም ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጠላት ጥይት ተደብድበው የተሠዉት አርበኞቹን አላወግዝም፣ ለወራሪውም አልገዛም በማለታቸው ነው። ታዲያ የነቢይን ቃል ከወገንተኛ ቃል በምን እንለየዋለን? ሦስት መለኪያ እናቀርባለን።

አንደኛ፤ ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው? ነቢይ የሚናገረውን ቃል በራሱ ደም ያትመዋል። ወገንተኛ ግን በሌላው ልጅ ደም ያትመዋል። አቡነ ጴጥሮስ ሌላውን ወደ ሞት ልከው በቤታቸው አልተቀመጡም።

ሁለተኛ፤ ያው ጥፋት በወዳጃችን ቢሠራ ያንኑ ቃል እንናገር ነበርን? ናታን የዳዊት ጠላት አልነበረም፤ በቤቱ የሚገባ የሚወጣ ወዳጁ ነበር። የባላጋራን ኃጢአት መቍጠር ፖለቲካ ነው፤ የወዳጅን ኃጢአት በፊቱ መናገር ግን ትንቢት ነው።

ሦስተኛ፤ የንስሐው በር ተከፍቶአልን? ናታን ለዳዊት፣ አምብሮስዮስም ለቴዎዶስዮስ የመመለሻ መንገድ አላሳጡአቸውም። የተገሠጸው ሰው የሚመለስበት በር የሌለው ተግሣጽ ማስተንፈሻው የተደፈነ ቱርቦ ነው፤ የሚጨርሰውም በፍንዳታ ነው።

ሞተርን ማስተካከል የሚያውቅ ሰው አየሩን ሲጨምር ቤንዚኑንም ይጨምራል። አየር በዝቶ ቤንዚን ካነሰ እሳቱ ከልክ በላይ ያቃጥላል። ቅዱስ ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች ሲጽፍ ስለ ወገኖቹ ያዘነው በዚህ ነው፤ ለእግዚአብሔር ቅንዓት ነበራቸው፤ ዕውቀት ግን አልነበራቸውም። ስለዚህ ወጣቱን ለቅንዓት ከመቀስቀሳችን በፊት እናስተምረው። የሚያነበው ወሬ እውነት መሆኑን እንዲመረምር፣ ስለ ሌላው ሃይማኖት የሚነገረውን ክፉ ነገር ሁሉ ሳያጣራ እንዳይቀበል፣ የአገሩን ሕግ እንዲያውቅ እንምከረው። በምርጫ ጊዜም ክርስቲያን ሕሊናውን ይዞ ይምረጥ፤ ሹመትም ቢያገኝ በእውነት ያገልግል፤ ጉቦን ይጥላ፤ ለድሀ ይፍረድ። ይህ የምእመኑ ድርሻ ነው። ካህኑ ግን እገሌን ምረጡ ብሎ በዐውደ ምሕረት አይናገር፤ በፖለቲካ ምክንያት ሰውን ከቍርባን አይከልክል፤ የሞተውንም ሰው ወገኑን ጠይቆ አይፍታ። እነዚህ የማስተንፈሻችን በሮች ናቸው። ልንዘጋቸው ሥልጣኑ ያለን በሚመስለን ጊዜ ሁሉ ክፍት እንዲሆኑ መጠበቅ አለብን።

የታፈነው አየር ወደ ሞተሩ ከመግባቱ በፊት በማቀዝቀዣ ውስጥ እንዲያልፍ እንደሚደረገው ሁሉ፣ የሚያቃጥለንንም ቃል በጾምና በጸሎት ውስጥ ሳናሳልፍ አንልቀቀው። በቍጣ የተጻፈ ቃል ቢያንስ አንድ ሌሊት ይደር። በማግሥቱም እውነት ሆኖ ከተገኘ ቀዝቅዞ ይነገር፤ ኃይሉ አይቀንስም። እንዲያውም የቀዘቀዘ አየር ይበልጥ እንደሚጠጥር መካኒኮች ይመሰክራሉ። መካኒኩ ልጃችን ደግሞ ሌላ ነገር ጨመረልን፦ «አባታችን፣ ሞተሩ ብዙ ከሮጠ በኋላ ወዲያው አይጠፋም። ለጥቂት ደቂቃ በቀስታ እየዞረ ካልበረደ፣ በቱርቦው ዘንግ ላይ ያለው ዘይት ይቃጠልና ዘንጉን ያደርቀዋል» አለን። አገርም ከብጥብጥ በኋላ እንዲሁ ናት። ጠብ አበቃ በተባለ ማግሥት ሁሉም ወደ ቤቱ ቢበተንና ልቅሶ የሚደርስ፣ የሚያስታርቅ፣ የሁለቱንም ወገን እናቶች የሚያጽናና ባይኖር፣ የፍቅሩ ዘይት ተቃጥሎ ይቀራል። በዚህ ጊዜ ከቤተ ክርስቲያን የበለጠ ሥራ ያለበት የለም።

ልጃችን ያንን ሞተር አዲስ ፒስተን አስገብቶ፣ የተደፈነውን ቱቦ ወደ ቦታው መልሶ አድሶታል። ባለቤቱ ግን «ያኔ የነበራት ጉልበት ቀረ» ብሎ እያጕረመረመ እንደ ወሰዳት ነገረን። እኛም፦ «ያ ጉልበት አልነበረም ልጄ፤ ጥፋቱ ገና አልታየ ነበር እንጂ» አልነው። እርሱም ለጠየቀን ጥያቄ ይህን መልስ አድርጎ ተቀበለው። ለእናንተም ያቀረብነው ይኸው ነው።

የሁላችንም አባት እግዚአብሔር ለአገራችን ገዢዎች ፍርሃተ እግዚአብሔርን፣ ለካህናት የሚያደምጥ ጆሮን፣ ለወጣቶች ከቅንዓት ጋር ዕውቀትን ይስጥልን። በየደብሩ ከበር ውጭ ቆመው የሚያለቅሱትን እናቶች ሁሉ ወደ ውስጥ ይመልስልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።